ለተሰቀለው ኮት ምስጋና

ሰሞኑን ለአንዲት ፊርማ ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ፊርማዋን አላገኘኋትም። አመራር ማለት ምን እንደሆነ ግን ገባኝ። ስለዚህ አልከሰርኩም።

የኃላፊው ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። አንገቴን ሰገግ አድርጌ ሳይ ወንበሩ ላይ ኮት ተሰቅሏል። ግራጫ ነው። ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ኮስታራ ኮት።

"ኃላፊው አሉ?" አልኳት ጸሐፊዋን።

"አሉ። ኮታቸው አለ።"

"ልግባ ታዲያ?"

"አይ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው።"

በማግስቱ ሄድኩ። ኮቱ አለ። በሦስተኛውም ቀን አለ፤ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ከልቤ አከበርኩት። እውነቴን ነው፣ በበሩ ሳልፍ ጎንበስ ማለት ሁሉ ጀምሬ ነበር።

እስቲ አስቡት። ሕጉ የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ይህ ኮት ግን ሌሊቱንም እሁዱንም ጨምሮ በሳምንት 168 ሰዓት ወንበሩ ላይ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቆ አያውቅም። ባለጉዳይ ላይ አይጮህም። ኪስ እያለው ጉቦ አይቀበልም። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ አምጡልኝ።

ደግሞ አሰቃቀሉም ሙያ ነው። ጀማሪ ኃላፊ ኮቱን ብቻ ሰቅሎ ይወጣል። ትንሽ የበሰለው መነጽሩን ክፍት ፋይል ላይ ይጥላል፤ ያየ ሁሉ "አሁን ነው ብድግ ያሉት" ይላል። የላቀው ደግሞ ግማሽ የተጠጣ ማኪያቶ ይጨምርበታል። ማኪያቶው ከሰኞ ጀምሮ ያለ ይሁን የዛሬ፣ ማን ገብቶ ይቀምሰዋል? ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባል የለ? ኮቱን የተማመነ ኃላፊም እንዲሁ ነው፤ የፈለገበት ያመሻል።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከእኔ በፊት የጀመሩ ናቸው፤ ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው።

"አባባ፣ ኮቱ ቢፈርምልን ምን ነበረበት?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እጅጌ ብቻውን አይፈርም። የጎደለው እጅ ነው" አሉኝና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

እኚህ ሰውዬ የድሮውን ደጅ ጥናት ከአባታቸው የሰሙ ይመስለኛል። የድሮ ሰው ደጅ ሲጠና ቢያንስ የሚጠብቀው ሰው ነበር። እኛ በኮት ደረጃ ደርሰናል። ለውጥ ማለት ይኼ ነው።

ለውጥ ካልኩ አይቀር፣ የዚህ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ሙዚየም ነው። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ሂደት ለውጥ አንድ ጥግ አለ። ቢኤስሲ የሚሉት የውጤት መመዘኛ ከሱ ጎን ደብዝዟል። የዜጎች ቻርተሩ የእኔ ጉዳይ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ በግልጽ ጽፏል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ። ከሁሉም በላይ ካይዘን ከሚባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የመጡት አምስቱ ማዎች፣ በ'ማ' የሚጀምሩት አምስት ትእዛዞች፣ ተለጥፈዋል። የመጀመሪያው ማጣራት ነው። የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው ለይ፣ ከቦታው አንሳ ይላል። ኮቱ ይህንን ማጣሪያ አልፎ ነው የተቀመጠው እንግዲህ።

ካይዘን ከጃፓን ሲመጣ መጀመሪያ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ጃፓኖቹ ጌምባ የሚሉት ነገር አላቸው። ሥራው የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። ችግር ስትሰማ ወንበርህን ትተህ ጌምባ ውረድ ይላሉ። የኛ ኃላፊ የመጀመሪያውን ግማሽ ሳያዛንፉ ተቀብለዋል፤ ወንበሩን ትተዋል። ጌምባው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሆነ እንጂ። እዚያ ስለ ባለጉዳይ አገልግሎት የሦስት ቀን ሥልጠና አለ። አበል አለ፣ የሻይ እረፍት አለ፣ የቡድን ፎቶ አለ። ካኔቴራና ኮፍያም ይታደላል። ካኔቴራ ላይ ኮት አይደረብም። ኮቱ ቢሮ የቀረው ለዚህ ነው፤ እናንተ ግን ክፉ ክፉውን ታስባላችሁ።

የሰፈራችን እድር እንዲህ ያለውን ሥልጣኔ ገና አልሰማም። ራዕይና ተልዕኮ የሚለጥፍበት ግድግዳ እንኳን የለውም። ዳኛው ኮታቸውን ለብሰውት ነው የሚዞሩት፤ አንድም ቀን ሰቅለውት አይቼ አላውቅም። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል። ረፋድ ላይ ድንኳኑ ቆሟል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ብረት ድስቱ ተጥዷል። ባለድርሻ አካላት ሳይወያዩ! ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ስብሰባ ነበረብኝ ማለት አያድንም። "ሰብሳቢው ስለሌሉ አስከሬኑ ነገ ይመለስ" ተብሎም አያውቅም። በጣም ኋላ ቀር ነው። አንድ ሰው ቢሾፍቱ ቢወስዳቸው እላለሁ።

ነገሩን ሳስበው ግን በሌሉበት መምራትን የፈጠረው ቢሮ አይደለም። እናቴ ናት። "ቆይ፣ አባትህ ይምጣ!" ትለኝ ነበር። አባቴ ገና ሥራ ላይ ነው፤ እኔ ግን እቤት ውስጥ ተንቀጥቅጬ አልቄያለሁ። ማታ ሲመጣ ምንም አላለም። እራቱን በልቶ ዜና ሰምቶ ተኛ። ያ ሁሉ ሥርዓት የሰፈነው በስሙ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ተምሬ ዝም አልልም ብዬ እቤቴ ሞከርኩት።

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የሚመጣውም ሌሊት። ሐሙስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው አስነጠሰ። "ተነስ፣ ጀሪካን አቀብለኝ" አለች ባለቤቴ። እኔም ከብርድ ልብሱ ሳልወጣ አቅጣጫ አስቀመጥኩ። ውሃው ልዩ ትኩረት ተሰጥቶት፣ በተቀናጀ መልኩ፣ በርብርብ እንዲሞላ አሳሰብኩ። ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ውሃው ተቀዳ። አመራር ይሠራል ማለት ነው።

ጠዋት ቁርስ ላይ ግምገማ ጠራሁ። አበረታች ጅምሮች መኖራቸውን ጠቀስኩ። የሁለት ጀሪካን ክዳን መጥፋቱን በክፍተት አነሳሁ። ኮሪደሩ መርጠቡንም እንዲሁ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ እጇን አወጣች።

"አባዬ፣ አንተ ስንት ጀሪካን ቀዳህ?"

"እሱ 'ልዩ ልዩ' በሚለው አጀንዳ ሥር ይታያል" አልኳት።

እናቷ ሳትናገር እንጀራውን አነሳች። ምልዓተ ጉባኤው ስለተጓደለ ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ቅዳሜ ወደ ዋናው ትምህርት ገባሁ። እንግዳ ሲመጣ የምለብሰውን ቡኒውን ኮቴን የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ላይ ሰቀልኩት። ትከሻውን አስተካከልኩ። መነጽሬንም የልጄ ደብተር ላይ ጣል አደረግኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ሰፈር ውስጥ አንዱ "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ ይዞራል፤ ከቁብ አልቆጠርኩትም። ካፌ ቁጭ ብዬ፣ እቤት ደግሞ እየመራሁ፣ ሁለት ማኪያቶ ጠጣሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ተመለስኩ። በረንዳው ላይ አዲስ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ክዳን አለው። ከጎኑ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ። ወደ ውስጥ ዘለቅኩ። ወንበሩ ባዶውን ነው። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነው።

"ኮቴስ?" አልኳት።

ቀና እንኳን አላለችም።

"ስብሰባ ላይ ነው።"