በገንዘባችን የሚሠራው ደረጃ

አሜሪካ የሚኖር የጎጃም ልጅ ደረጃ ሳያግደው የሕፃን ጋሪ እየገፋ ባንክ ይገባል፤ ሻንጣ እየጎተተ ከእግረኛ መንገድ ይወርዳል። ያው ሰው ከአገሩ ልጆች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ሞጣ ወይም ደጀን ላይ ጤና ጣቢያ ሲያሠራ፣ የሚላክለት ፕላን መግቢያው ላይ ሦስት አራት ደረጃ አለው። አይቶ ያልፈዋል። የምርቃቱ ሪባንም እዚያው ደረጃ ላይ ይቆረጣል።

የውጭው ምቾት በልመና የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ አካል ጉዳተኞችና ደጋፊዎቻቸው አንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንጻ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም ብለዋል። በ1990 መጋቢት ደግሞ አካል ጉዳተኞች ዊልቸራቸውን ትተው ዋሽንግተን የሚገኘውን የአሜሪካ ምክር ቤት ደረጃ እየዳሁ ወጡ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረው የአሜሪካ ሕግ ተፈረመ።

በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ዊልቸር ለሚጠቀሙም፣ መራመድ ችለው ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸውም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ይህ ሁለተኛው ጎጃምን በቀጥታ ይመለከታል። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። እግሩ ያበጠ ገበሬ ሊታከም መጥቶ ደረጃው ሥር የሚቀመጥ ከሆነ ፕላኑን የፈረመው ባለሙያ ተጠያቂ ነው። «ባለቤቱ እንዲህ ፈልጎ ነው» የሚለው ምክንያት አያድነውም፤ አልፈርምም ማለት ይችል ነበር።

ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ፣ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለግንባታ ፈቃድ ሲባል ብቻ። ልኩ ቀላል ነው፦ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል፤ ከላይና ከታች ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ደልዳላ ቦታ። ቦታ ሲያንስ መሐል ላይ አሳርፎ ማጠፍ ይቻላል። የሚሠራው ግን በ2 ሜትር የሚያልቅ ነው፤ ሰው ዊልቸሩን ከኋላ ካልገፋ አይወጣም፣ ሲወርድም ወደ ፊት ይደፋል። በዚያ ላይ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ይነጠፍበታል። በሐምሌ ዝናብ ጤነኛውንም ይጥላል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም መስመር ቢወጣበት ይበቃ ነበር፤ ዋጋውም ከሴራሚክ ያነሰ ነው። ከታች ክዳን የሌለው የውሃ ቦይ፣ ከላይ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሲጨመርበት ራምፑ የባጃጅ ማቆሚያ ሆኖ ይቀራል።

ወለሉ ከፍ የሚለው የክረምት ጎርፍ እንዳይገባ ነው፤ ተገቢ ነው። ሆኖም እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳ ከተማ የግቢውን አፈር ራሱን ከአጥሩ በር እስከ ሕንጻው በ1 ለ20 (ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት) ማንሳት ይሻላል። ለ45 ሳንቲ ሜትር 9 ሜትር ነው። ያኔ ደረጃም ራምፕም አያስፈልግም፤ ሁሉም በአንድ በር ይገባል። አካል ጉዳተኛውን በጓሮ ከማስገባት ይህን እመርጣለሁ።

ገንዘብ የሚልክ ኮሚቴ ከሩቅ ሆኖ መቆጣጠር ይችላል። ግንበኛው 120 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ራምፑ ላይ በቁልቁለቱ አቅጣጫ ያስቀምጥ፤ ውሃ ልክ ይጫንበት፤ የታችኛውን ጫፍ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ያንሳው። ከጣውላው ጫፍ ሥር ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ራምፑ ከልክ በላይ ዳገት ሆኗል። ይህን በሜትር ለክቶ ፎቶውን ይላክ፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይለቀቅ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ሲከፈት ከ81 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ማሳለፊያ ይኑረው፤ ውስጡም ዊልቸር የሚዞርበት አንድ ሜትር ተኩል። 70 ሳንቲ ሜትር በር ገጥሞ የዊልቸር ሥዕል መለጠፍ ሰውን ማታለል ነው።

መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት መግቢያው በኖራ ሲሰመር፣ የቀበሌው አካል ጉዳተኞች ተጠርተው በመስመሩ ላይ ይሂዱበት። ክራንች የያዘም፣ በነጭ በትር የሚሄድም፣ እግሩ ያበጠም ይኑር። እነሱ ጠበበን ካሉ የዚያን ቀን መስመሩን ማዛወር ከኖራው በቀር ወጪ የለውም።