ፍርዱ ወጥቷል፤ ቤቱ ግን ገና ለሁለት አልተከፈለም

«ከተፋታሁ በኋላ ሌላ ሰው ለማወቅ ስንት ጊዜ ልቆይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ዘመድም ጓደኛም ፈጥኖ የሚሰጠው ቁጥር ነው። አንዱ ስድስት ወር ይላል፣ ሌላው ዓመት ይሙላ ይላል፣ አክስት ደግሞ «ዕድሜሽ ሳይሄድ» ትላለች። ቆጠራው ከየትኛው ቀን ይጀምር የሚለውን የሚያነሳ የለም፤ ሁሉም ከፍርዱ ቀን ይቆጥራል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ግን ፍቺው የተወሰነበት ቀንና ትዳሩ በእርግጥ የቆመበት ቀን ብዙ ጊዜ ይራራቃሉ። መቆጠር ያለበት ከሁለተኛው ነው።

የሚያራርቃቸው ቤቱ ነው። ፍቺው ከተወሰነ በኋላም የንብረት ክርክሩ ለብቻው ሊቀጥል ይችላል። ባለ አንድ መኝታ ቤት ለሁለት አይቆረጥም፤ ወይ አንዱ የሌላውን ድርሻ ከፍሎ ያስቀረዋል፣ ወይ ተሸጦ ብሩን ይካፈላሉ። የባንክ ዕዳው አላለቀም፣ ግምቱ ያከራክራል፣ ቀጠሮ ይረዝማል። እስከዚያ የተፋቱት ሁለት ሰዎች በአንድ በር ይገባሉ። እሷ ከልጆቹ ጋር መኝታ ቤቱን ትይዛለች፣ እሱ ሳሎን ፍራሽ ያነጥፋል። ቁልፉ በሁለቱም ኪስ አለ። ውሃ በመጣ ሌሊት ጀሪካኑን ማን ይሙላ የሚለው ጭቅጭቅም እንደ ድሮው ነው። በዚህ መሃል ወዳጅ የሚይዝ ሰው ስልክ ሲጠራ ደረጃው ላይ ወጥቶ ያወራል፤ የሚያወራውም ስለ ቀድሞው ትዳሩ ነው። አዲሱ ሰው ሳያስበው ሽማግሌ ይሆናል። ዳኛም ይሆናል። የቤቱ ጉዳይ ሲያልቅ የሚያወሩት ነገር ይጠፋል።

ስለዚህ ክርክሩ የሚረዝም ከሆነ ቢያንስ አንዱ ወገን ሰርቪስ ክፍልም ቢሆን ተከራይቶ ይውጣ። ድርሻው ዝርዝሩ ተጽፎ ፋይል ውስጥ እስካለ ድረስ ስለወጣ ብቻ አይቀርበትም። ለቤቱ ቁልፍ ይቀየርለት። አንዱ ለሌላው የሰጠው ውክልና ካለ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ይሻር። የጋራ የባንክ ሂሳብ ይዘጋ። እድሩ በባል ስም ከሆነ እሷ በራሷ ስም ትመዝገብ። ይህን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው፤ ሐዘን ሲደርስባቸው ድንኳኑ በማን ስም ይወጣል የሚል ክርክር ውስጥ ይገባሉ።

በሕግ በኩል፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ሰፈሩ በሸገር ከተማ ሥር ከሆነ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ስለሚመለከተው እዚያው ፍርድ ቤት መጠየቅ ይሻላል። በአዋጅ 213 መሠረት ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹ እንዲያስቡበት እስከ 3 ወር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማመልከቻ ስላስገባ የተፋታ ይመስለዋል። እስኪወሰን ድረስ ባልና ሚስት ናቸው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 አመንዝራነት የትዳር ጓደኛ ሲያመለክት ያስቀጣል፤ በፍቺው ክርክርም ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል።

ለሴቷ ሌላም ቁጥር አለ። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 16 ፍቺው ከተወሰነ 180 ቀን ሳይሞላ ሌላ ጋብቻ እንዳትፈጽም ይከለክላል። ክልከላው ስለ ጋብቻ እንጂ ስለ ወዳጅነት አይደለም፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠም ይነሳል። ምክንያቱ የልጅ አባትነት ነው። ጋብቻው ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ በሕግ የቀድሞው ባል ልጅ ተደርጎ ይገመታል። ይህን የማታውቅ ሴት ልጇን ልታስመዘግብ ስትሄድ ነው የምትደነግጠው።

ቀጥሎ ሰዓት ይቆጠር። ከየካ አባዶ መሃል ከተማ የምትሠራ እናት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሰልፍ ይዛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከተመለሰች፣ ልጇ እስኪተኛ የሚቀራት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲደመር 7 ሰዓት ተኩል። ከዚህ ላይ ለቀጠሮ የሚወሰድ እያንዳንዱ ምሽት ከልጁ የተወሰደ ነው፤ ልጁም አባቱ ከወጣ ወዲህ የበር ድምፅ እየሰማ ነው የሚተኛው። ነፃ የሆነው ቀን ልጁ አባቱ ጋ የሚውልበት ቀን ነው። እንግዲያው ለእኔ ዋናው መለኪያ ይህ ነው፦ ልጁን የመውሰዱና የመመለሱ ተራ ቢያንስ 3 ወር ሳይቋረጥ ሄዷል ወይ? አባት አንድ እሑድ መጥቶ ሁለት እሑድ የሚቀር ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ዘመድ የሚያስቸኩለው በሁለት መንገድ ነው። ሴቷን «ፈት» በሚለው ቃል ያስፈራታል፤ ወንዱን በዚህ ስም የሚጠራው የለም፣ ይህም ያሳዝነኛል። ወንዱን ደግሞ «ቤት የምትይዝልህ» እያለ ሰው ያፈላልግለታል። ወጥ መሥራት፣ የልጁን ዩኒፎርም ማጠብ፣ የወሩን አስቤዛ ማስላት ያልለመደ ሰው በሦስተኛው ወር ያገባል፤ የፈለገው ግን የቤት ሥራ የሚያግዘው ሰው ነበር። ጥቂት ወራት ቤቱን ራሱ ይምራ፤ ያኔ ሴት የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ይለየዋል።

የቤት ኪራይም ያስቸኩላል። «ሁለት ቤት ከምንከፍል» ተብሎ በሁለተኛው ወር ዕቃ ይጫናል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር 3 ዓመት ከሞላው በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል። ከተጋቡ ደግሞ በግል ከያዙት ቤት የሚገኘው ኪራይ ሳይቀር የጋራ ነው። ከፍቺ በደረሰ ድርሻ አዲስ ቤት የሚገዛ ሰው ንብረቱ የግሉ እንዲባልለት ፍርድ ቤት ማመልከት አለበት፤ አለዚያ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ይህን ከጋብቻው በፊት በጋብቻ ውል መጨረስ ይቀላል።

የደም ምርመራ ሁለቱም አብረው ሄደው ያድርጉ። የኤች አይ ቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። በቅርብ የተያዘ ሰው ውጤቱ ነፃ ሊል ስለሚችል ከ3 ወር በኋላ ይደገማል፤ እስከዚያ ኮንዶም። የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራም አብሮ ይጠየቅ።

ልጁ አዲሱን ሰው የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወሬው ከጎረቤት እንዳይቀድም ግን የቀድሞው የትዳር ጓደኛ አስቀድሞ በአጭር ቃል ይነገረው። የመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ አይሁን፤ አንድ ሰዓት ያህል ውጭ፣ ልጁ የሚሮጥበት ቦታ። ስጦታ አይብዛ። «አባባ በለው» አይባልም። «ጋሼ» ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ልጁ ራሱ ካላለ ማንም አይበል።