ማስተካከያ፦ ስለ ኮልድ አግሉቲኒን በሽታ

ባለፈው ስለ ኮልድ አግሉቲኒን በሽታ (አንቲቦዲ የተባለው የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን በብርድ የራስን ቀይ የደም ሴሎች አጣብቆ እንዲፈርሱ የሚያደርግበት የደም ማነስ) ስጽፍ ሁለት ነገር አበላሽቻለሁ። ከሳንባ ምች በኋላ ለሚመጣው ዓይነት «ዋናው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) ነው» ብዬ ነበር። ልክ አይደለም። ፕሬድኒሶሎን በደንብ የሚሠራው አንቲቦዲው በሰውነት ሙቀት ቀይ የደም ሴል በሚያፈርስበት በሌላኛው ዓይነት ላይ ነው። እዚህ ጥፋተኛው አይጂኤም የተባለው፣ ብርድ ሲያገኝ ሴሎቹን የሚያጣብቀው አንቲቦዲ ነው። በስቴሮይድ ብዙም አይበገርም። በማይኮፕላዝማ (የሳንባ ምች በሚያመጣ ባክቴሪያ) ወይም በኤፕስታይን ባር ቫይረስ ሰበብ የመጣ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። እስከዚያው ሕመምተኛውን ማሞቅ ነው፤ ጣቱን፣ አፍንጫውንና ጆሮውን ሳይረሱ። ማይኮፕላዝማው እንደ አዚትሮማይሲን ባለ መድኃኒት ይታከማል። የደም ማነሱ ከጠና ደም ይሰጣል፤ ደሙ ግን በማሞቂያ አልፎ መግባት አለበት።

ሁለተኛው ለምርመራ የሚወሰደው የደም ናሙና ጉዳይ ነው። «ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ» ማለቴ ጉድ ነው! ሴረሙ (ፈሳሹ የደም ክፍል) ከሴሎቹ እስኪለይ ድረስ ናሙናው 37 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። ከቀዘቀዘ ሴሎቹ ይጣበቁና የደም ሴል ቆጣሪው ማሽን ጥቂት፣ ግን ትልልቅ ሴሎች ያየ ይመስለዋል። በኮምብስ ምርመራ (በቀይ የደም ሴሎች ላይ የተለጠፈውን በሚያሳየው) ሲ3ዲ የተባለው የመከላከያ ፕሮቲን ቁራጭ ፖዘቲቭ፣ አይጂጂ የተባለው ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ይወጣል።

ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ሥር ለሰደደው ዓይነት ይሰጣል ያልኩት ግን እንዳለ ነው።