ድግሱ ሲታሰብ ክኒኑም ይታሰብ

የጎንደር ሰው፣ ዛሬ የምናገረው ይቆረቁራችሁ ይሆናል። ይቆርቁራችሁ።

ጥምቀት ባለፈ ማግስት ከተማችን ሰርግ በሰርግ ይሆናል። ከአዘዞ እስከ ማራኪ ድንኳን ይጣላል። ጥሎሹ፣ ወርቁ፣ ጠላው፣ የሚዜው ልብስ፣ ፋሲል ግቢ የሚነሱት ፎቶ ሳይቀር ከወራት በፊት ይመከርበታል። ልጅቷ በወሩ ልታረግዝ እንደምትችል ሁላችንም እናውቃለን፣ «ውለዱ ክበዱ» ብለንም እንመርቃለን፣ ግን ለጽንሱ የምታስፈልገውን አንዲት ክኒን የሚያነሳ የለም።

ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ነው የምለው። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር መጀመሪያ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ይዘጋል፣ በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳውም ይሄ ቫይታሚን ነው። ይሄ ሁሉ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ያልቃል። 28 ቀን! ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም፣ የወር አበባዋ የዘገየባት ነው የሚመስላት። ቱቦው ከታች ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍት ሆኖ፣ ወይም በስስ ሽፋን የተቋጠረ ፈሳሽ ይዞ ይወለዳል። እግሩ ላይታዘዝለት፣ ሽንቱን ላይቆጣጠር ይችላል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። ከላይ ካልተዘጋ አንጎሉና የራስ ቅሉ ሳይሟላ ይቀራል፣ እንዲህ የተወለደ ልጅ በሕይወት አይቆይም።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ክትትል የምናስጀምራት ሆዷ ከገፋ በኋላ ነው። ያኔ የሚሰጣት የአይረንና የፎሊክ ክኒን ለደሟ ይጠቅማታል፣ ትውሰደው፤ ለዚህኛው ጉዳይ ግን ጊዜው አልፏል። መጀመር ያለባት ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላ ነው፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ እርግዝናው 3 ወር እስኪሞላው።

«እናቶቻችን ሽሮና ጎመን በልተው አይደል የወለዱን?» የምትሉኝ አላችሁ። ምስሩም ሽምብራውም ጎመኑም ፎሌት፣ ማለትም ይኸው ቫይታሚን በተፈጥሮው፣ አለው፣ ብሉ። ግን ጎመኑ ድስት ላይ ብዙ ሲንተከተክ አብዛኛው ይጠፋል፣ ምግብ ብቻውንም አይበቃም። በ2014 ዓ.ም የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል፣ ጥሩ ነው። ጤፉን ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ እንጀራ የሚበላ ቤት ግን ከዚህ ምን ይደርሰዋል?

ስለዚህ እጮኛሞች፣ ከሰርጉ በፊት ለኤች አይ ቪ ምርመራ ጤና ጣቢያ ትሄዱ የለ? እዚያው ጠይቁ። አንቺም ክንድሽ ላይ ያለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ልታስወጪ ስትሄጂ ጠይቂ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ በተለይ ቫልፕሮይት፣ ሳታረግዢ ሐኪምሽን አማክሪ፤ በራስሽ ግን እንዳታቋርጪው። ባሎች፣ ይሄ የሴት ወሬ አይደለም። ፋርማሲ ሄዳችሁ ግዙላት።

ሌላው የሚያንገበግበኝ፣ ልጁ እንዲህ ሆኖ ሲወለድ የምናወራው ነገር ነው። «ቡዳ ነው»፣ «ቀትር ላይ ወንዝ ወርዳ ነው»፣ «የማን እርግማን ይሆን?» አራስ ናት እኮ! ገና ደሟ ሳይደርቅ በአማትና በጎረቤት ትፈረድባለች፣ ልጁም ከሰው ዓይን ይሸሸጋል። ተዉ! ጠበል አትውሰዱት አላልኩም፣ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል ይድረስ። ጀርባው ክፍት ከሆነ ቅቤም ቅጠልም አታስነኩት። በንጹሕ ጨዋማ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጎዝ አልብሱት፣ በሆዱ ወይም በጎኑ አስተኙት፣ ያኑ ቀን ይዛችሁት ሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቀዶ ጥገና ካገኘ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል።

እናትየዋም ከሆስፒታል ስትወጣ የሚቀጥለውን እርግዝና ትጠይቅ። ለእሷ 400 ማይክሮግራሙ አይበቃም፣ ሐኪም አዞላት 10 እጥፉን፣ በቀን 4 ሚሊግራም ነው የምትወስደው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ፣ በ7 አገሮች እንደ እሷ ባሉ እናቶች ላይ የተሠራ ጥናት ይሄ መጠን ችግሩ ዳግም የመምጣት ዕድሉን በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እሷም ብትሆን የምትጀምረው ሳታረግዝ ነው።