ጉጉቷና እናቴ

እናቴ ስልኬ ላይ ጉጉት ያየች ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳይኛ የምማርበት አፕ ምልክቱ ጉጉት ነው። አንድ ቀን ካልከፈትኩት ማታ ብቅ ትልና «ረሳኸኝ እንዴ?» ዓይነት መልእክት ትልካለች። እናቴ ደግሞ ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ሲባል እየሰማች ያደገች ሴት ናት። ጣሪያ ላይ ያለችውን በድንጋይ ያባርሯታል። ኪስ ውስጥ የገባችውን ምን ያደርጓታል?

«አንተ ልጅ፣ ይቺን ወፍ ከቤቴ አስወጣልኝ» አለችኝ።

«እማዬ፣ አስተማሪዬ እኮ ናት።»

«ሌላ አስተማሪ ጠፋ?»

አልጠፋም። ስድስት ኪሎ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ የማውቃትን ቋንቋ ሁሉ የለቃቀምኩት ከክፍል ውጭ ነው። ከፊልም፣ ከጌም ቤት፣ ከታክሲ። ችግሩ ሁሉም የሚያስተምሩት የየራሳቸውን ጉዳይ ብቻ ነው።

እንግሊዝኛዬ ለምሳሌ በአክሽን ፊልም የተገነባ ነው። ሰው እጁን ወደ ላይ እንዲያነሳ፣ መሣሪያውን እንዲጥል፣ መኪናው ከመፈንዳቱ በፊት ዘሎ እንዲወርድ አሳምሬ ማዘዝ እችላለሁ። የሽንኩርት ዋጋ ጠይቅ ብባል ግን ምላሴ ይታሰራል። ያን ሁሉ ፊልም ሳይ አንድም ጀግና ሽንኩርት ሲገዛ አላጋጠመኝም።

ስለ አማርኛ ፊልም ብዙ አልናገርም፤ ዘመድ አይታማም። አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኛል። ተዋናዮቹ ስልክ ሲዘጉ ዝም ብለው ነው የሚዘጉት። አዲስ አበባ ውስጥ «እሺ፣ ቻው፣ ቻው ቻው ቻው» ሳይባል ስልክ ተዘግቶ ያውቃል?

አክስቴ ዘንድ ነገሩ ይብሳል። የቱርክ ድራማ በ2008 በአማርኛ እየተናገረ ሳሎኗ ከገባ ወዲህ አክስቴ የምትኖረው ኢስታንቡል ነው። አማርኛዋም አብሯት ሄዷል። ሽሮው ገንፍሎ ሲፈስ «ኧረ ሽሮዬ!» ማለት ቀርቷል። ወደ መስኮቱ ዞራ ትቆምና «እባክህ፣ አሁን ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ» ትላለች። በቀደም ባሏ ዳቦ ሳይገዛ መጣ። «ይህን እንዴት ልታደርግብኝ ቻልክ?» አለችው። ሰውየው ሌላ ነገር የተደረሰበት መስሎት ላብ በላብ ሆነ።

ከፊልም በትክክል የተማረች ታናሽ እህቴ ብቻ ናት። የእሷ የኮሪያ ድራማ ነው። መሠረታዊው የኮሪያ ፊደል 24 ነው። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ሲያውጁት ተራው ሰው ቶሎ እንዲማረው ብለው ነበር። እህቴ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ምን ይገርማል? 231 ፊደል በልጅነቱ የቆጠረ ሰው 24ቱን ለቁርስ ነው የሚያደርጋቸው። ግሳቸውም እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንተና እርስዎም ይለያሉ። «ይሄ እኮ ድምፁ የተቀየረ አማርኛ ነው» ትላለች። ድስት ሲወድቅባት «አይጎ!» ትላለች። እኔን ደግሞ «ኦፓ» ትለኛለች። ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበት ቃል ነው። እኛ ቤት ትርጉሙ «ካርድ ሙላልኝ» ነው።

ወደ ጌም ቤት እንለፍ። የእኛ ፒያሳ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰና አራት ኪሎ ጓሮ ውስጥ ተጠጋ። አያቴ «የሰይጣን ቤት» ነው የምትለው። ስድብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ መጀመሪያ ሲኒማ ያየች ጊዜ ሕዝቡ ለቤቱ ያወጣለት ስም ይኸው ነበር። ግድግዳ ላይ ጥላ የሚያስሮጥ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

እዚያ ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። የምንጫወተው ፊፋ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙን «ኤፍሲ» ብሎታል አሉ። የፈረሰ ሰፈር በድሮ ስሙ እየጠራን ታክሲ የምንሳፈር ሰዎች ለጌም ስም ልንጨነቅ ነው?

አንድ የ11 ዓመት ልጅ አለ። አምስት ለባዶ ገረፈኝና «ሃርድ ለክ፣ ብሮ» አለኝ። አነጋገሩ እንደ ፈረንጅ ነው። ከየት ተማርክ ብለው፣ «ኦንላይን ከሚሰድቡኝ ልጆች» አለ። «መጀመሪያ ምን እንዳሉኝ ለማወቅ፣ ከዚያ መልሱን ለመስጠት።» ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ ዩኒቨርሲቲም አልሰማሁም።

ደግሞ እኛ አዲስ አበቤዎች ቋንቋ አይገባንም ስንል ይገርመኛል። ከፒያሳ ለገሃር የተሳፈረ ሰው እኮ ከጣልያንኛ ተነስቶ ፈረንሳይኛ ላይ ወረደ ማለት ነው። ፒያሳ በጣልያንኛ አደባባይ ነው። ለገሃር በፈረንሳይኛ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው። ካዛንቺስ ደግሞ በጣልያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከሚባለው ድርጅት የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»። መካኒኩ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፖርቶ መጋላ እያለ ሲያወራ ሮም ተምሮ የመጣ ይመስላል። ያውም ያለ ጉጉት።

ባለፈው ቅዳሜ ፈተናዬ ደረሰ። አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ቆሜያለሁ። ጠና ያሉ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ካርታ ዘርግተው በፈረንሳይኛ ይከራከራሉ። «ሉሲ» የምትል ቃል ሰማሁ። 94 ቀን ሙሉ የተዘጋጀሁት ለዚህች ሰዓት ነው። ጠጋ አልኩና «ቦንዡር!» አልኩ።

የሴትየዋ ፊት በራ። ከዚያ ፈረንሳይኛውን እንደ ሐምሌ ዝናብ ለቀቀችብኝ። እኔ ውስጤን ብፈትሽ፣ ብበረብር፣ ያገኘሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጉጉቷ ደጋግማ ያስጠናችኝ።

«ለ ሻ ማንዥ ኡን ፖም» አልኩ። ድመቱ ፖም ይበላል ማለት ነው።

ባልየው ዙሪያውን ቃኘ። ድመቱን የፈለገ መሰለኝ።

ይሄኔ አንድ ሊስትሮ በብሩሹ ሳጥኑን ኳ ኳ አድርጎ ጣልቃ ገባ። «ማዳም፣ ሉሲ? ሙዚየም?» ጣቱን ወደ አምስት ኪሎ ቀሰረ። «ስትሬት። ኖ ታክሲ። ዎክ።» አመስግነውት ሄዱ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የጠበቀችው ድንቅነሽ በእኔ የተነሳ እንግዳ ሊቀርባት ነበር። ሊስትሮ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ መሆኑን ለልጁ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ጫማዬን አስጠርጌ ተመለስኩ።

ያን ማታ አኩርፌ አፑን ሳልከፍት ተኛሁ። ጉጉቷ እኩለ ሌሊት ላይ እንባዋን እያፈሰሰች ብቅ ብላለች። እናቴ ለጸሎት ተነስታ ኖሮ አየቻት። ጠዋት ስነቃ ስልኬ ከትራሴ ሥር የለም።

«ትንሽ ጠበል ነው የረጨሁባት» አለች እናቴ። «ወፏ እስክትጠፋ ድረስ ብቻ።»

ወፏ ጠፍታለች። ስክሪኑም አብሯት። ስልኩ አሁን ሩዝ ውስጥ ተቀብሯል። እህቴ ሩዙን ገለጥ አድርጋ አየችውና «አይጎ፣ ኦፓ» አለችኝ። ካርድ አልጠየቀችኝም።