ማስተካከያ፦ ኤክሰን ቫልዴዝ ከአደጋው በኋላ ወዲያው አልተቆራረጠችም

ባለፈው የዘይት ጫኝ መርከቧ (ታንከሯ) ኤክሰን ቫልዴዝ በ1989 እ.ኤ.አ. አላስካ ላይ ድፍድፍ ዘይት ካፈሰሰች በኋላ ወዲያው ተቆራርጣ ተሸጠች ብዬ ጽፌ ነበር፣ ስህተት ነው ይቅርታ። መርከቧ ተጠግና ኤክሰን ሜዲትራኒያን ተብላ ስራ ቀጠለች፣ ከዛም ሲሪቨር ሜዲትራኒያን ሆነች፣ ግን ስሟ ቢቀየርም ዘይቱን ወዳፈሰሰችበት ፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ እንዳትመለስ በ1990 የወጣው የአሜሪካ ህግ ከልክሏት ነበር፣ ይሄን ማንሳት ነበረብኝ። በ2008 ደሞ የሆንግ ኮንግ ካምፓኒ ገዝቷት ከታንከርነት ወደ ብረት ማዕድን ጫኝነት ተቀየረችና ዶንግ ፋንግ ኦሽን ተባለች። በ2010 ቢጫ ባህር ላይ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጨች። የተቆራረጠችው በ2012 ህንድ አላንግ ላይ ነው፣ ያኔ ስሟ ኦሪየንታል ናይሲቲ ነበር። ስሟን ብቻ ስለተከተልኩ ነው የጠፋችብኝ፣ ባለቤትና ባንዲራ ቢቀያየርም የማይቀየረው የአይኤምኦ ቁጥሯ (የመርከቧ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ነው።