ኧረ ስለ ጠፈር የሚያወራ ሰው አምጡልኝ!

ዛሬ ተንገፍግፌያለሁ። ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ታገሱኝ።

ደሴ ላይ ስለ ኳስ የሚያወራ ሰው ከፈለጋችሁ ፒያሳ ቁሙና የአንድ የእንግሊዝ ክለብ ስም ጥሩ። ወዲያው ትከበባላችሁ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ሰው ትዳር፣ ስለ ዱባይ ጉዞ የሚያወራም አይጠፋም። እኔ የምፈልገው ቡና እየጠጣ ስለ ዘንዶ፣ ስለ ጠፈር መርከብ፣ ስለ ጁፒተር ጨረቃዎች የሚከራከረኝ ሰው ነው። አንድ ይበቃኛል። እሱም ጠፋ።

የሚመጣው "ውሸት እኮ ነው!" የሚል ብቻ ነው።

አጎቴን ውሰዱ። መርከቧ አዲሱ ፕላኔት ላይ ልታርፍ ስትል ሪሞቱን ያነሳል። "ይሄን ውሸት ምን ያፈጥጥሻል?" ይልና ይቀይረዋል። ወደ ምን? ወደ ሬስሊንግ! ሰውዬው ጀርባው ላይ ወንበር ተሰብሮበት ብድግ ብሎ ሲጨፍር "አየሽልኝ?" ይለኛል። እሺ ጋሼ፣ እሱ እውነት ነው። አክስቴ ደግሞ የቱርክ ድራማዋ አለ። ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ባል ፊቱን አስቀይሮ ተመልሶ ይመጣል፣ ሚስቱ ግን ጭንቅላቷን ተመትታ ማንነቷን ረስታለች። ይሄ "ሕይወት ነው" ይባላል። ሌላ ፕላኔት ላይ እህል ለማብቀል የሚታገል ሰው ግን ውሸት።

ጎረቤታችን ባሰች። የመጽሐፌ ሽፋን ላይ ዘንዶ አየችና "አንቺ ልጅ፣ አላደግሽም እንዴ?" አለችኝ፣ ቡና ላይ፣ ሰው ፊት። እሷ እኮ ናት እዚያው ረከቦት አጠገብ ተቀምጣ፣ አንድ ሰውዬ ማታ ማታ ጅብ እየሆነ እንደሚዞር በወላሂ የነገረችን! ሰው ጅብ ሲሆን ያልከበዳት ዘንዶ ሲበር ምን ከበዳት?

ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የጻፈውም ያውቃል። ጨዋታው የሚጀምረው እኮ ከዚያ በኋላ ነው። እሺ፣ ዘንዶው ይበራል። ያን የሚያህል ገላ የሚያነሳ ክንፍ ስንት ሜትር ሊሆን ነው? በቀን ስንት በሬ ይበላል? በሬው የተበላበት ገበሬስ ለምን አልሸፈተም? ንጉሡ ግብር ከማን ይሰበስባል? ይሄን አንስቶ ሌሊቱን ሙሉ መከራከር ይቻላል። የኛ ሰው ግን በሩ ላይ "ውሸት ነው" ይልና ሳይገባ ይመለሳል።

የጠፈር ፊልሙም ያው ነው። መርከቧ በአስትሮይዶች (ፀሐይን በሚዞሩ አለቶች) መሀል ስትሽሎከለክ ታያላችሁ አይደል? በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ቀበቶ ውስጥ ከአንዱ አስትሮይድ እስከ ሌላው ያለው ርቀት በአማካይ ወደ 1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዓይን ጨፍኖ መንዳት ይቻላል። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ ፕሮክሲማ ሰንታውሪ ነው፤ ብርሃን ራሱ ከዚያ እስኪደርስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ ሆኖ "ሄሎ" ያለ ሰው መልሱን ከ8 ዓመት በኋላ ነው የሚሰማው። ፊልም ላይ ግን በቪዲዮ ፊት ለፊት ይጨቃጨቃሉ። እኛ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ደውለን "ይቆራረጣል" እንላለን፣ እነሱ ከኮከብ ኮከብ! በዚህ አብሮኝ የሚስቅ ሰው ነው ያጣሁት።

ስለ ትርጉም ፊልም ባላነሳ ይሻለኝ ነበር። ግን አነሳለሁ። ጠፈር ላይ ድምፅ የሚያደርስ አየር የለም፣ ስለዚህ ፍንዳታ አይሰማም። ይህን የሚያውቅ ዳይሬክተር ትዕይንቱን ጸጥ አድርጎ ይተወዋል። እስትንፋሳችሁን ይዛችሁ ታያላችሁ። ያኔ ተርጓሚያችን ዝም ማለት አይችልም። "ኧረ ይሄ ሰውዬ ቁርስ ሳይበላ ነው የወጣው!" ብሎ ቀልዱን ይለቅበታል። ፍላሽ ይዤ ፊልም ላስጭን በሄድኩ ቁጥር "ያልተተረጎመ" ብዬ እለምናለሁ። ልጁ ያዝንልኛል፤ የበላሁት ያልተስማማኝ ይመስለዋል መሰለኝ።

መጽሐፍ ፍለጋውስ? አንድ ሱቅ ገብቼ "የሳይንስ ልብወለድ አላችሁ?" አልኩ። "ሞልቷል" አለና የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አወጣልኝ። "አይ፣ ልብወለድ" ስለው ከላዩ ላይ አንድ የፍቅር ልብወለድ ደረበበት። ከሁለቱ አንዱን ሳይሆን ሁለቱንም ግዢ ማለቱ ነው። ሌላው መደርደሪያ በሙሉ በአንድ ወር ሀብታም ስለመሆን ነው። (እነሱ መጽሐፎች ምናባዊ አይባሉም፣ ልብ በሉ።) ስለዚህ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ በስልክ እያነበብኩ ዓይኔን ጨረስኩ።

ሥነ ፈለክ እወዳለሁ ማለትማ ራስን ማጋለጥ ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች እጅ ካልተንቀጠቀጠ በተራ ባይኖክላር እንደ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ይህን በደስታ መሥሪያ ቤት ነገርኩ። መልሱ ምን ሆነ? "እስቲ የኔን ኮከብ ንገሪኝ፤ የእናቴን ስም ልስጥሽ?" አውደ ነገሥት ገልጬ፣ ፊደል ደምሬ ለ12 የማካፍልላቸው መስሏቸው ተሰለፉ። አንዷ ገውዝ ነኝ፣ ከአቅራብ ጋር ትዳር ይሆነኛል ወይ ትለኛለች። ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምታልፍባቸው የኮከብ ስብስቦች 12 ሳይሆኑ 13 ናቸው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። "አሥራ ሦስተኛው ሀብታም ነው?" አለችኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሁን ደግሞ ወደ ሰማዩ ራሱ ልምጣ፤ እሱም አልማረኝም። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ መብራት ደግሞ ደጋግሞ ይጠፋልናል። ለኮከብ ማየት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ግን ጉሙ! ፐርሲድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ በየዓመቱ ነሐሴ 6 እና 7 አካባቢ ይደምቃል። ደሴ፣ በነሐሴ! ዝናቡንስ እናያለን፣ የምናየው ሌላኛውን ነው እንጂ። የሰሜን ኮከብ እኛ ዘንድ ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ ተራራ ለከበበው ሰው አትታይም።

በ2017 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ በዓይን የሚታይ ጅራታም ኮከብ ነበር፣ ጹቺንሻን አትላስ የሚባል። በየት በኩል? በምዕራብ። በምዕራብ በኩል ምን አለን? የጦሳ ተራራ! ከፍ ያለ ቦታ ወጥቼ እንዳላይ አብሮኝ ባጃጅ የሚሳፈር አጣሁ። ሴት ልጅ ለብቻዋ በምሽት ኮረብታ ላይ ቆማ "ኮሜት እያየሁ ነው" ብትል ማን ያምናታል?

የሚያበሳጨኝ ይሄ ሁሉ በዚህች ከተማ መሆኑ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ ተደንቀው ደሴን እንደቆረቆሯት አይደል የሚነገረው? በዚያው ዓመት መስከረም የታየው ታላቁ ኮሜት ደግሞ በጠራራ ቀን፣ ፀሐይ አጠገብ ሆኖ እንኳ በዓይን ይታይ ነበር። ያኔ አንድ ባለሟል ቀረብ ብሎ "ጃንሆይ፣ ይሄ ምን ይጠቅማል?" ቢላቸው ዛሬ የት ነበር የምንኖረው?

ሩቅ ሳንሄድ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 እሁድ ጠዋት ጨረቃ ፀሐይን ቀለበት ያደረገቻት እዚሁ ወሎ፣ ላሊበላ ላይ ነው። ደሴ ላይ በከፊል ታየ። ሰፈሩ በሙሉ ራጅ ይዞ ወጣ። ራጅ ዓይን አያድንም ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሌላ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው በግብፅ ሉክሶር በኩል ያልፋል፣ ለኛ ከፊሉ ይደርሰናል፣ ጉሙ ከፈቀደ። ራጃችሁን ከአሁኑ ጣሉ።

እንዳልዋሽ አንድ የሚያወራኝ ሰው አለ፣ ኮምቦልቻ። እሱ ደግሞ የተከታታይ ፊልሙን ሁሉንም ክፍል ቀድሞኝ ያያል። ገና ሰላም ሳይለኝ ማን እንደሚሞት ይነግረኛል። ስቆጣ "አብሽሪ፣ ኋላ ይነሳል" ይላል። እሱንም ነገረኝ ማለት ነው!

በሉ እንግዲህ፣ ለታኅሣሥ 5 አጥቢያ ጀሚኒድ የሚባል ሌላ የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ አለ። በጨለማ ሰማይ፣ ጨረቃ ካላስቸገረች፣ በሰዓት ከ100 በላይ ተወርዋሪ ኮከብ ሊታይ ይችላል። ክረምቱ አልፏል፣ ሰማዩ የጠራ ነው። ብርዱ የደሴ ብርድ ስለሆነ ጋቢ ደርቡ። ዘንዶ ምን ይበላል የሚለውን እስኪነጋ እንከራከራለን። ቡናውን እኔ አፈላለሁ። የፊልም መጨረሻ የሚናገር ሰው ግን ስኒ አያገኝም፤ ከኮምቦልቻ ቢመጣም።